የአባትን በሽታ መናገር ገመናን ማውጣት ነውን?

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና እስከ ቂያማ ቀን ድረስ ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይስፈን።

ዛሬ የማነሳላችሁ ርእስ ከአንዲት እህት የመጣ ጥያቄ ነው። ጥያቄዋን ከማቅረቤ በፊት ግን ጥፋቴን ልናገር። ምክንያቱም ጥያቄውን ያመጣው የእኔው ጥፋት ነው።

አንበሳሜ ውስጥ በማሰግድበት መስጂድ የሚሰግዱ አንድ እህል ነጋዴ አሉ። ነገሩ ሲጀምር ዕድሜያቸው 53 ዓመት ቢሆን ነው። የእህል ነጋዴ ሚዛን በየአገሩ ይታማል፤ የእሳቸው ግን ታምቶ አያውቅም። መንገድ የሚሄድ ሰው ገንዘቡን አማና የሚያስቀምጠው እሳቸው ዘንድ ነበር። የተጣሉ ጎረቤታሞችን የሚያስታርቁ፣ ለመስጂዱ ጣሪያ ቆርቆሮ በየጊዜው የሚያዋጡ፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ።

መጀመሪያ ያስደነገጡን ቀብር ላይ ነው። ጀናዛ ላይ ቆመን ሳለ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሳቁ። ሌላ ቀን ከመስጂዱ በር የሰው ጫማ አጥልቀው ሄዱ፤ ባለቤቱ ተከትሎ ሲጠይቃቸው አልደነገጡም፣ አላፈሩም። ሱቅ ይገቡና ስኳር በእፍኛቸው ዘግነው ይበላሉ፤ ሒሳብ የሚባል ነገር የለም። ለአላፊ አግዳሚው እህል እየሰፈሩ «ውሰድ» ይላሉ፤ በማግስቱ ደግሞ ባለቤታቸው ለቤት ዱቄት ሲጠይቁ ይቆጣሉ። በሴቶች ፊት ሊባል የማይገባ ቃል መናገር ጀመሩ። ባለቤታቸው ታመው ሳምንት ሲተኙ «እንዴት አደርሽ» የምትል ቃል ከአፋቸው አልወጣችም።

የሚገርመው ግን ምንም ነገር አልረሱም! ከሃያ ዓመት በፊት ማን ስንት ኩንታል እንደ ወሰደ ይነግሯችኋል። ያሲንን ሳይሳሳቱ ይቀራሉ። የሶላት ወቅት አያልፋቸውም፤ ይመጣሉ፤ መጥተው ግን ሰዉ ሩኩዕ ላይ ሳለ ሶፉን ጥሰው ይወጣሉ።

ሰዉ የየራሱን ፍርድ ሰጠ። ገሚሱ «ሀብት አጠገባቸው» አለ። ገሚሱ ሲሕር ነው፣ ጂን ነው አለ። ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው አዝነው ጠበል ይሞከር አሉ። እኔስ? አላህ ይማረኝና፣ አንድ ጁሙዓ ሚንበር ላይ ወጥቼ ሽበት ካወጡ በኋላ ሐያእን ስለ ጣሉ ሰዎች ኹጥባ አደረግሁ። ስም አልጠራሁም። ስም ባልጠራም መስጂድ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ አንድ በኩል አዞረ።

ከዚያ ጁሙዓ በኋላ ቤተሰቡ እኚህን አባት ከቤት አላወጣቸውም። ከመጋዘኑ በስተጀርባ ባለች ክፍል ተቆልፎባቸው ከረሙ። ጠያቂ ሲመጣ «ወደ ዘመድ ሄደዋል» ይባላል።

አዲስ አበባ የምትኖረው ትልቋ ልጃቸው ለዒድ ስትመጣ አባቷን ያገኘችው በዚህ ሁኔታ ነው። መንገዱ ሰላም የሆነበትን ሳምንት ጠብቃ ይዛቸው ሄደች። ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ሲመላለሱ ወራት ፈጀ። በመጨረሻ አንድ የነርቭ ሐኪም የጭንቅላታቸውን ምስል ግድግዳው ላይ አብርቶ አሳያት፤ ከግንባር በስተኋላ ያለው የአንጎላቸው ክፍል ኮስሶ ተኮማትሯል። የበሽታውንም ስም ነገራት።

ስትመለስ ወደ እኔ መጣች። «ሸህ፣ አባቴ ባለጌ አይደሉም፤ ታመው ነው» አለችኝ። «በሽታቸውን ለጀማዓው ልናገር ወይስ የአባቴን ገመና ማውጣት ይሆንብኛል? እናቴ ‹የሙስሊምን ነውር የሸፈነ አላህ ነውሩን ይሸፍንለታል ተብሏልና ዝም በይ› ይሉኛል።»

ወላሂ፣ ወዲያው የምመልሰው አጣሁ። ሐዲሱ ሰሒሕ ነው፤ ሙስሊም ዘግበውታል። እናትየዋ ያልተባለ አላሉም። «እስኪ ጊዜ ስጪኝ» ብዬ ላክኋት። ዛሬ የምነግራችሁ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያነበብኩትንና ሐኪሞችን ጠይቄ የተረዳሁትን ነው።

በሽታው ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ ይባላል። ስሙ ለምላስ ይከብዳል፤ ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ከግንባራችን በስተኋላ ያለው የአንጎል ክፍል ሰውን የሚያሳፍረው፣ የሚያስታግሰው፣ ለሌላው እንዲያዝን የሚያደርገው፣ «ይህን እዚህ አትናገር» ብሎ የሚይዘው ልጓም ያለበት ነው። ከጆሯችን በላይ በግራና በቀኝ ያለው ክፍል ደግሞ ከብዙ ሥራው አንዱ ቃላትን ከነትርጉማቸው መያዝ ነው። ይህ በሽታ የሚጀምረው ከነዚህ ሁለት ቦታዎች ነው። በመጀመሪያው ከጀመረ ጠባይ ይለወጣል፤ ሰውዬው ሌላ ሰው ይሆናል። ንግግር ካለበት ከጀመረ ቃል ይጠፋዋል፤ ወይም ሰው የሚለው ቃል ትርጉሙ ይጠፋበታል። ጣፋጭ ነገር አጥብቆ መፈለግ፣ አንድን ነገር ደጋግሞ ማድረግ፣ ገንዘብ መበተን፣ ለቅርብ ሰው ሐዘኔታ ማጣት ከምልክቶቹ ናቸው። የእኛው ሰውዬ ስኳርና እህል ሁሉ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ነበር።

እኛ «የመርሳት በሽታ» ስንል የምናስበው አልዛይመርን ነው፤ ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 ያስታወቀውን። የዛሬው በሽታ በሐኪሞች ዘንድ ከዚያም በፊት ተነስቷል። አርኖልድ ፒክ የተባለ ሐኪም ፕራግ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1892 ስለ አንድ ታማሚ ጽፎበት፣ ለረዥም ዘመን «የፒክ በሽታ» ሲባል ኖሯል። ይሁን እንጂ ከሐኪም ቤት ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ነው። አንደኛው ምክንያት በመርሳት አለመጀመሩ ነው፤ ሁሉን የሚያስታውስን ሰው ማን የመርሳት በሽታ አለበት ይላል? ሁለተኛው ዕድሜ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ45 እስከ 65 ባለው ዕድሜ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ አባወራ ሲበላሽ «ጃጀ» አይባልም፤ «ባለገ» ነው የሚባለው።

ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በአንዳንድ ቤተሰብ በዘር ይወርዳል፤ በብዙዎቹ ግን እንዲያ አይደለም። እስከ ዛሬ የሚያስቆመው መድኃኒት አልተገኘም፤ ለአልዛይመር የሚሰጡትም ለዚህ አይረዱም፣ አንዳንዴም ጠባዩን ያባብሱታል። እየቆየ ሲሄድ መዋጥ ያስቸግራል፤ ምግብ ያንቃል፣ የሳንባ ምች ይከተላል። ስለዚህ የምታስታምሙ ሰዎች ጉርሻውን አሳንሱ፣ አፋቸው ውስጥ ያለውን ሳይጨርሱ አትጨምሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። ጠባዩ የተለወጠ ሰው ሁሉ ይህ በሽታ አለበት ማለት አይደለም። የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ የቪታሚን ቢ12 እጥረት፣ ያልታከመ ቂጥኝ፣ ከመውደቅ በኋላ ጭንቅላት ውስጥ የተጠራቀመ ደም፣ እጢ፣ ከባድ የመንፈስ ጭንቀትም ሰውን እንዲህ ሊለውጡት ይችላሉ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ይታከማሉ። «የማይድን ነው ተብሏል» ብላችሁ ቤት ከዘጋችሁ የሚድነውንም ገደላችሁት። ለእኛ ባሕር ዳር ጥበበ ግዮንና ፈለገ ሕይወት አሉ፣ ደብረ ታቦርም ሆስፒታል አለው፤ ከዚያ በላይ ካስፈለገ ይልካሉ። ኡሳማ ኢብኑ ሸሪክ ባስተላለፉትና አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘዋል፤ አላህ መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ እንደሌለ ሲናገሩም የለዩት እርጅናን ብቻ ነው። የ53 ዓመት ሰው ደግሞ አላረጀም።

ሩቅያ መቅራት የተፈቀደ ነው፤ ቁርኣን ለታመመ ሰው ምንጊዜም እዝነት ነው። ሩቅያ ብሎ መደብደብ፣ በጭስ ማፈን፣ ማስራብ፣ በሰንሰለት ማሰር ግን ዙልም ነው። የአንጎል ሕዋስ በዱላ አይመለስም።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። ስለዚህ በሽታ ሳነብ ደጋግሞ የመጣብኝ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ነው፤ አሜሪካ ነው ያለው። ብሩስ ዊሊስ የሚባል የፊልም ተዋናይ አለ። እኛ ወጣት ሳለን ቪዲዮ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። (የገባችሁ ተውበት አድርጉ፤ እኔም አድርጌያለሁ።) በፊልሙ ብቻውን ሕንጻ ሙሉ ሽፍታ የሚያሸንፍ ጎበዝ ነበር። ይህ ሰው ልጅ ሳለ ይንተባተብ ስለነበር፣ ባለቤቱ ኤማ ሄሚንግ ዊሊስ ንግግሩ ሲለወጥ የዱሮው መንተባተብ የተመለሰ መስሏት እንደነበር በኋላ ተናግራለች። ሥራውም እየደከመ ሄደ። በየዓመቱ መጥፎ ፊልሞችን እየመረጠ የሚያሾፍ «ራዚ» የሚባል ሽልማት አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ለሠራቸው ስምንት ፊልሞች ብለው ለእሱ ብቻ የተለየ የፌዝ ምድብ አወጡለት። ዓለም ሳቀበት።

እ.ኤ.አ. በማርች 2022 መጨረሻ ቤተሰቡ መታመሙን፣ አፌዥያ የሚባል ንግግርን የሚያሳጣ ችግር እንዳገኘውና ሥራ እንደሚያቆም አስታወቀ። ሲያፌዙበት የነበሩት በማግስቱ ምድቡን ሻሩት። ሱብሓነላህ! እኔ ይህን ሳነብ ሚንበሬ ትዝ አለኝ። እነሱ የማያውቁትን በሽታ በፌዝ ሸለሙት፤ እኔ በኹጥባ። እነሱ የሻሩት ግን ቤተሰቡ ስለተናገረ ነው። የእኔው ሰውዬ ቤተሰብ ዝም ስላለ እኔ ለወራት በኹጥባዬ እኮራ ነበር።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 ደግሞ ቤተሰቡ የበሽታውን ትክክለኛ ስም ይፋ አደረገ፤ ይኸው ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ ነው አሉ። ያን ጊዜ ዕድሜው 67 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 በተመሠረተ የዚሁ በሽታ ማኅበር በኩል ባወጡት ጽሑፍ፣ እሱ ራሱ መናገር ቢችል ኖሮ ሰው ይህን በሽታ እንዲያውቀው ይፈልግ ነበር ብለው ነው የተነሱት። ከዚያ በኋላ ብዙ አገር ሰው ስሙን ሰማ። ጽሑፉ ላይ የማን ስም እንዳለ ታውቃላችሁ? የአሁኗ ባለቤቱ የኤማ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የተፋታት የቀድሞ ሚስቱ የዴሚ ሙር፣ የሁለቱም እናቶች አምስት ሴት ልጆች። በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ቃል። እኛ ዘንድ አባት አልጋ ላይ ሳለ የእናት ልጅና የእንጀራ ልጅ በመሬት ካርታ ይካሰሳል። እነዚህ ሰዎች ሙስሊም አይደሉም፤ መንገዳቸውም መንገዳችን አይደለም። ሐቅ ግን ከማንም ዘንድ ቢገኝ ሐቅ ነው።

«እሱ የነሱ ባህል ነው፤ እኛ ገመና እንሸፍናለን» የሚል ይኖራል። ስለዚህ ወደ ራሳችን ኪታብ እንግባ።

ማዒዝ የተባሉት ሶሓባ (ረ.ዐ) በራሳቸው ላይ ከባድ ወንጀል መስክረው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመጡ ጊዜ፣ ነቢዩ ከመፍረዳቸው በፊት አእምሮው ተነክቶ እንደሆነ ጠየቁ። ይህ በቡኻሪና በሙስሊም ውስጥ ያለ ነው። ሙስሊም በዘገቡት በአንዱ ሐዲስ እንዲያውም ወደ ወገኖቹ ልከው በአእምሮው ላይ የምታውቁት እንከን አለ ወይ ብለው አስጠይቀዋል። አስተውሉ፤ የተጠየቀው ዘመዱ ነው። የሰው አእምሮ መታወኩን ቀድሞ የሚያውቀው ቤተሰቡ ስለሆነ ነው። ቤተሰብ ዝም ካለ ለዚያ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ የለም፤ ሰውዬው በወንጀለኛ ስም ይቀራል።

ደረሳ ሳለን ሙስጦለሕ ስንቀራ «ኢኽቲላጥ» የሚባል ነገር ተምረናል። ታማኝ የነበረ የሐዲስ አስተላላፊ በዕድሜው መጨረሻ አእምሮው ሲዛባ «ሙኽተሊጥ» ይባላል። በ643 ዓመተ ሒጅራ የሞቱት ኢብኑ ሶላሕ የሐዲስን ዕውቀት በ65 ክፍል ሲያስቀምጡ 62ኛውን ሙሉ በሙሉ የሰጡት ለነዚህ ሰዎች ነው። የዐጣእ ኢብኑ ሳኢብ፣ የሰዒድ ኢብኑ አቢ ዐሩባ ስም በግልጽ ተጽፏል። ከመታወካቸው በፊት የሰማ ማን ነው፣ በኋላ የሰማስ ማን ነው ተብሎ አንድ በአንድ ተለይቷል። ይህ ሐሜት ተብሎ አያውቅም። ይልቁንም በፊት ያስተላለፉት ተቀባይነቱን እንደያዘ እንዲቆይ ያደረገው ይህ ግልጽነት ነው። ማንም ውሸታም አላላቸውም፤ ታመው ነው ተባለ። (በሽታቸው የዛሬው በሽታ ነው ማለቴ አይደለም፤ ያን የሚያውቅ አላህ ነው።)

በተለይ አንድ ቤት አለ። የበስራው ዓሊም ጀሪር ኢብኑ ሓዚም በ170 ዓመተ ሒጅራ ነው የሞቱት። አእምሯቸው በተዛባ ጊዜ ልጆቻቸው ራሳቸው የሐዲስ ሰዎች ነበሩና ነገሩን ቶሎ አስተዋሉ፤ አባታቸውን ከሰው ከለሏቸው፤ በዚያ ወቅት ማንም ከሳቸው ሐዲስ አልሰማም። ይህን የነገሩን ዐብዱረሕማን ኢብኑ መህዲ ናቸው። እነዚያ ልጆች አባታቸውን ጋረዱ እንጂ በሽታውን አልካዱም። ቢክዱት ኖሮ ወሬው ከአሥራ ሁለት መቶ ዓመት በላይ ተጉዞ እኔ ዘንድ አይደርስም ነበር። መጋረድና መካድ ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው። አንበሳሜ የነበረው ቤተሰብ አባቱን አልጋረደም፤ ቆልፎ በሽታውን ካደ። እኔም በበኩሌ እንዲክዱ ገፋኋቸው።

ስለዚህ ለእህታችን የሰጠሁት መልስ ይህ ነው። እንድንሸፍነው የታዘዝነው ነውርን ነው፤ በሽታ ነውር አይደለም። ኢማሙ ነወዊ ሰውን በሌለበት ማንሳት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ምክንያቶች ሲቆጥሩ፣ ፈትዋ መጠየቅና ሰውን ከጉዳት ማስጠንቀቅ ከውስጣቸው ናቸው፤ ይህ ጉዳይ ሁለቱንም ይነካል። ነገር ግን ወሰን አለው። በሽታውን ንገሩ፤ በበሽታው የሠሩትን አትዘርዝሩ። «አባቴ የአንጎል በሽታ አለባቸው፤ የሚናገሩትንና የሚያደርጉትን መቆጣጠር አይችሉም፤ እንዲህ ሲያደርጉ ካያችሁ አትቆጡ፣ እኔን ጥሩኝ» ማለት ይበቃል። የትኛዋን ሴት ምን እንዳሉ፣ የት ላይ ልብስ እንዳወለቁ ማውራት ግን ያ ገመና ነው። በተለይ ልጆች ሆይ፣ አባታችሁ ሲቀባጥሩ በስልክ ቀርጻችሁ ቲክቶክ ላይ የምታወጡ፣ አላህን ፍሩ! ያን ማሳወቅ አትበሉት።

ከዚህ ጋር ሰው የሚጠይቀኝ የፍርድ ጉዳይ አለ። ብዕር ከሦስት ሰው ላይ መነሳቱን፣ ከነሱም አንዱ አእምሮውን ያጣ ሰው መሆኑን በሐዲስ እናውቃለን (አቡ ዳውድና ቲርሚዚ)። እንዲህ ያለው ታማሚ አእምሮው በተሰወረበት ጊዜ ሶላት ጥሶ ቢወጣ አይጠየቅበትም። መስጂድ አታምጡት ማለት ግን አይደለም፤ ከዳር አቁሙት፣ አንድ ሰው ከጎኑ ይቁም። ያበላሸውና የበላው የሰው ንብረት ከገንዘቡ ይካሳል፤ ባለሱቁ ሐቁ አይቀርበትም። ፍችን በተመለከተ አእምሮው የጠፋ ሰው የተናገረው ጦላቅ እንደማይጸና ዑለማዎች ይስማማሉ። የትኛው ቃል ከበሽታ በፊት፣ የትኛው በኋላ እንደተነገረ ግን እኔ በሬዲዮ ልፈርድ አልችልም፤ የሐኪም ማስረጃ ይዛችሁ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ቃዲ ፊት ቅረቡ። ባልዋ በበሽታ በተናገረው ቃል ከቤቷ የወጣች እህት ካለች ዛሬውኑ ትጠይቅ።

ገንዘብ ትልቁ ጉዳይ ነው። አላህ በሱረቱ ኒሳእ 5ኛው አያ፣ ማስተዳደር ለማይችል ሰው የመኖሪያ መቆሚያችን የሆነውን ገንዘብ በእጁ እንዳንሰጥ፣ ከሱ ግን እንድናበላው፣ እንድናለብሰውና መልካም ቃል እንድንናገረው አዞናል። ቁልፉን ውሰዱ፤ ክብሩን ተዉለት። ፉቀሃዎች ይህን «ሐጅር» ይሉታል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግም ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ሰው ከንብረት ሥራ የሚከለክልበትና ጠባቂ የሚሾምበት መንገድ አለው። አባት መሬቱን ለማያውቁት ሰው ከፈረሙ በኋላ ከማልቀስ አስቀድሞ መሄድ ይሻላል። ወንድማማቾችም ተስማምታችሁ ሂዱ፤ አንዱ ለብቻው ከሄደ ሌላው «ሊወርስ ነው» ይላል።

ስለ አስታማሚዋ ሳልናገር ባልፍ አላህ ይጠይቀኛል። ያቺ አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ2025 ባሏን ከአስታማሚዎች ጋር በአቅራቢያ ወዳለ ሌላ ቤት ማዛወሯን ስትናገር፣ ለትንንሽ ልጆቼ ስል ነው ብትልም ብዙ ሰው ወቀሳት። እኔም መጀመሪያ ስሰማ «ይኸው ፈረንጅ!» ብዬ ነበር። የአንበሳሜዋን እናት ካየሁ በኋላ ግን ምላሴን ሰበሰብኩ። ሰውየው ሌሊት ተነስተው ስለሚወጡ እናትየዋ በሩ ሥር አጎዛ አንጥፈው ነው የሚተኙት። ሦስት ዓመት እንዲህ! ዘመዱ ሁሉ በዒድ መጥቶ «ሶብር አድርጊ» ብሎ፣ በልቶ ይሄዳል። ሱረቱል ኢስራእ ላይ ወላጆቻችን ሲያረጁ «ኡፍ» እንኳ እንዳንላቸው የታዘዝነው ልጆች ሁላችንም ነን፤ ወንዶቹም ጭምር። በሳምንት ሁለት ሌሊት ተራ መግባት የማይችል ወንድ ልጅ የለም። እንጀራ ለመላክ የሚያቅተው ጎረቤትም የለም።

እህታችን መልሱን ከሰማች በኋላ ከእናቷና ከወንድሞቿ ጋር ተማክራ ተስማሙ። በቀጣዩ ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ሰው እንዳይበተን ለመንኩና በቅድሚያ እኔ ተነሳሁ። «በዚያ ኹጥባ ስም ሳልጠራ የተናገርኩት ስለ እሳቸው ነበር፤ ተሳስቻለሁ፤ ታመው ነው» አልኩ። ከዚያ ትልቁ ወንድ ልጃቸው የበሽታውን ስም ተናገረ፤ ስሙን ሁለት ጊዜ ተሳስቶ በሦስተኛው አቃናው። ዝምታ ሆነ። ከኋላ ሶፍ አንድ ገበሬ እጃቸውን አነሱና «ይህ በሽታ ሴትም ይይዛል ወይ? እህቴ አራት ዓመት ሆናት፣ ከባሏ ቤት ባለጌ ተብላ ተመልሳ እኔ ጋ ናት» አሉ። ሐኪሙ ጋ አብረዋቸው የሚሄዱ ሁለት ሰዎች እዚያው ተገኙ።

አሁን ባለሱቆቹ የስኳሩን ሒሳብ በደብተር ይይዛሉ፤ ልጆቹ በወር መጨረሻ ይከፍላሉ። መስጂድ በር ላይ ጫማ የሚጠብቅ አንድ ልጅ መድበናል፤ ዐስር ላይ ወስዶ የሚመልሳቸውም እሱ ነው።

እኔም ቤታቸው ሄጄ ዐፉ እንዲሉኝ ጠየቅኋቸው። ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ያልኩትን ይስሙ አይስሙ አላወቅሁም። ትክ ብለው አዩኝና የአባቴን ስም ጠርተው፣ «ሁለት ኩንታል ዳጉሳ አለበት፤ አልከፈለም» አሉኝ። አባቴ ወደ አኼራ ከሄዱ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ቤት ገብቼ እናቴን ብጠይቅ፣ ዝም ብለው ቆዩና እውነት ነው አሉኝ። በማግስቱ ለቤተሰቡ ቆጥሬ ከፈልኩ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ።